አርብ የመጡት ሽማግሌዎች

ሰበታ ውስጥ ባለ አንድ ፍርድ ቤት፣ ጠዋት ጠዋት አንዲት ቀጭን ሴት በረንዳው ጫፍ ላይ ቆማ ስም ትጠራለች። ቤቴል ትባላለች። ሰውነቷን ያየ ሁሉ «ይሄ ድምፅ ከየት ነው የሚወጣው?» ይላል። ስትጣራ አግዳሚው ላይ ያንቀላፋው ባለጉዳይ ስሙ ባይሆንም ብድግ ይላል፤ በር ላይ የቆሙት የባጃጅ ሹፌሮችም «አቤት!» እያሉ ይቀልዱባታል። አንዴ በኦሮምኛ፣ አንዴ በአማርኛ ትጠራለች። ሁለቱንም አፏን ስትፈታ አንድ ላይ ስለተማረቻቸው የትኛው እንደቀደመ አታውቅም።

ሥራዋ የዳኛ ገለቴ ረዳትነት ነው። ስልክ ታነሳለች፣ ቀጠሮ ትይዛለች፣ ዳኛዋ ፊት የሚባለውን ትተይባለች፣ ጥቁሩን ካባ ከአቧራ ትጠብቃለች። የቀኑን አየር የምትተነብየው ከዳኛዋ መነጽር ነው፤ ግንባራቸው ላይ ከሆነ ብራ፣ አፍንጫቸው ላይ ከወረደ ዝናብ። አስቡት እስኪ፣ ከአንዲት ጠረጴዛ ጀርባ ሆና የከተማውን ጠብ ሁሉ ትሰማለች፤ የማን አጥር ወደ ማን ግቢ እንደገፋ፣ የማን ላም የማንን ጎመን እንደበላች። ያን ሁሉ ሰምታ ደግሞ ማታ እየዘፈነች ወደ ቤቷ ትገባለች!

ዳኛ ገለቴ አጥብቀው የሚጠሉት አንድ ነገር አለ፤ የግል ጉዳይ ይዞ ቢሮ መምጣት። ከቤቴል በፊት የነበረችው ረዳት በሥራ ሰዓት የሠርግ ጥሪ ካርድ ስታድል ተይዛ መዝገብ ቤት ተልካለች። እስካሁን እዚያው አቧራ ውስጥ ታስነጥሳለች።

ባለፈው ግንቦት ግን ቤቴል የግል ጉዳይ ነበራት። ሌንጮ ይባላል። የፎቶኮፒ ማሽን ጠጋኝ ነው፤ የፍርድ ቤቱ ማሽን ቶሎ ቶሎ መበላሸት የጀመረው እሱ ቤቴልን ካየ ወዲህ ነው ብለው የሚያሙት አሉ። ሌንጮ ሽማግሌ ሊልክ ተዘጋጀ። እንቅፋቱ የቤቴል እናት ወይዘሮ አረጋሽ ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ዘመዶቻቸው ደግሞ ጎንደር ናቸው።

«ሽማግሌ ሲመጣ ፊት ለፊቱ የሚቀመጥ ሽማግሌ ያስፈልጋል» ይላሉ። «በእኛ በኩል ማን ሊቀመጥ ነው? እኔና ድመቷ?»

«እማዬ፣ ድመቷም ትከበራለች እኮ።»

«ሳቂ አንቺ! ወንድሜ ሲመጣ ይሆናል።»

ወንድማቸው ግን በየዓመቱ «ዘንድሮ እመጣለሁ» የሚሉ ሰው ናቸው። ቤቴል ለምና፣ አኩርፋ፣ በመጨረሻም አስቃ አንድ ቅዳሜ አስፈቀደች። «ይቺ ቅዳሜ ካልሆነች ወንድሜን እጠብቃለሁ። በቃ!» አሉ እናቷ።

በዚያው ሳምንት ዳኛዋ ዘንድ የድንበር ክርክር ነበር። ከተፍኪ ወዲያ ያሉ ሁለት ወንድማማች ገበሬዎች በአንድ ረድፍ ባህር ዛፍ ተጣልተዋል። ዳኛ ገለቴ ነገሩን የአገር ሽማግሌዎች እንዲያዩት ልከው፣ የደረሱበትን አርብ ቀርበው እንዲናገሩ አዘዋል። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ኦቦ ኢተፋ ይባላሉ። ቀጠሮውን ማስታወስ የቤቴል ድርሻ ነው።

እሮብ ዕለት ቤቴል ሁለት መልእክት በስልኳ ጻፈች። ለኦቦ ኢተፋ፦ «ሽማግሌዎቹ አርብ ሦስት ሰዓት ዳኛ ገለቴ ቢሮ ይቅረቡ።» ለሌንጮ፦ «ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ሰበታ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊው በር ይምጡ።» ከዚያ ልቧ እየዘለለ ላከቻቸው፤ የፍርድ ቤቱን ለሌንጮ፣ የቤቷን ለኦቦ ኢተፋ።

ሌንጮ መልእክቱን ደጋግሞ አነበበው። ግን አልጠየቀም። ቤቴል አባት የላትም፤ እናቷም የሚቀበል ሰው የለኝም እንደሚሉ ያውቃል። እዚህ አገር አባት የሌላት ልጅ ስትጠየቅ አለቃዋ ወይም አከራይዋ በአባት ቦታ ሲቀመጥ አይቷል። ዳኛዋ በአባት ቦታ ሊቀመጡ ነው ብሎ ደመደመና «እሺ» ሲል መለሰ። ኦቦ ኢተፋም ዳኛዋ ከቢሮ ወጥተው ድንበር እንደሚያዩ ስለሰሙ፣ አሁን ደግሞ ሰው ቤት ችሎት ሊቀመጡ ነው አሉ።

አርብ ሦስት ሰዓት ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢ ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው ገቡ። ቤቴል ከኮምፒውተሯ ቀና ሳትል መተየብ ጀመረች።

«አካም ቡልተን፣ እንዴት አደራችሁ አባቶች። ተቀመጡ» አሉ ዳኛዋ።

«የመጣንበት ሳይሰማልን አንቀመጥም» አሉ ከፊት የቆሙት።

«እዚህ የሚቆመው ተከራካሪ ነው። እናንተ ተቀመጡ።»

«ያደግንበት ነው፣ ክብርት ዳኛ። ቆመን እንናገራለን።»

መነጽሩ ከግንባር ወደ አፍንጫ ወረደ። «እንግዲያው ንገሩኝ። ተስማሙ?»

«ሁለቱማ ከተስማሙ ቆዩ!» አሉ ሽማግሌው ፈገግ ብለው። «እኛ የመጣነው እናንተን ለማስማማት ነው።»

«ባህር ዛፉስ?»

ሽማግሌው ግራ ተጋብተው ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ። ጥቂት አሰቡና፣ «ቤት ለመሥራት ከሆነ ባህር ዛፍ አይጠፋም። ልጁ ሠራተኛ ነው» አሉ።

«የቱ ልጅ?»

«ሌንጮ ነዋ! ልጃችሁን ቤቴልን ለልጃችን ለሌንጮ ስጡን ብለን ነው የመጣነው።»

የቤቴል ጣቶች ቆሙ። ቀና ስትል የሽማግሌው አፍንጫ ቁርጥ የሌንጮ አፍንጫ ነው። ኦቦ ባይሳ! የሌንጮ አጎት! ጠረጴዛው ሥር መግባት አማራት። የመዝገብ ቤቱ አቧራ ካሁኑ አፍንጫዋን በላት። ከመዝገብ ቤቱም የባሰው የእናቷ ቅዳሜ ነበር። እነዚህ ሰዎች እዚህ ተቆጥተው ቢወጡ ነገ ማን ይመጣል?

ዳኛዋ መነጽራቸውን ጭራሽ አወለቁት። ይሄ በቤቴል ትንበያ ውስጥ የለም።

«አንቺ፣ ይህን ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም፣ ክብርት ዳኛ። ማለቴ... ሌንጮን አውቃለሁ። አርብን ነው የማላውቀው። የነሱ ቀጠሮ ነገ ነው፣ እናቴ ቤት፣ ሦስት ሰዓት። መልእክቱን አዛብቼ ልኬ ነው።»

ዳኛ ገለቴ ተነሱ። ወደ ግድግዳው ሄደው ካባቸውን አወረዱ። ለበሱት! ተመልሰው ተቀመጡና ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«አባቶች፣ ጥያቄያችሁ ተሰምቷል። ሆኖም ይህ ችሎት ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን የለውም። ሥልጣኑ የወይዘሮ አረጋሽ ነው። ነገ ሦስት ሰዓት እሳቸው ዘንድ ትቀርባላችሁ።»

«ቀጠሮ ተሰጠን ማለት ነው?» አሉ ኦቦ ባይሳ።

«ተሰጣችሁ።»

«እንግዲያውስ አሁን እንቀመጣለን» አሉና ሦስቱም ዘፍ አሉ።

ሽማግሌዎቹ መርቀው ሲወጡ ዳኛዋ ወደ ቤቴል ዞሩ።

«ጻፍሽው?»

«እስከ ባህር ዛፉ ድረስ... ልማድ ሆኖብኝ ነው።»

«ደምስሺው። ቆይ፣ መጀመሪያ አንብቢልኝ።»

አነበበች። ዳኛዋ ካባቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ሳቁ፤ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ቤቴል እኚህን ሴት ስታገለግል ኖራ ጥርሳቸውን ያየችው ያን ቀን ነው።

ከዚያ ኦቦ ኢተፋን ለማግኘት ቀኑን ሙሉ ብትደውል ስልካቸው ዝግ ነው። እነሱ ሰፈር መብራት ጠፍቷል።

ቅዳሜ ጠዋት እኛ ጎረቤቶች አጥር ላይ ነበርን፤ እንዲህ ያለ ቀን ማን ቤቱ ይቀመጣል? ሰማያዊው በር ተንኳኳ። አራት ሽማግሌዎች ጫማቸው የተፍኪን ጥቁር ጭቃ እንደተሸከመ ገቡ። ወይዘሮ አረጋሽ ከነአዲስ ነጠላቸው ጎንበስ ብለው ተቀበሉ። ሰዎቹ ገና ሰላምታው ሳያልቅ ጓዳው በኩል ባለው ረጅም ሶፋ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። የወይዘሮ አረጋሽ ፊት ተለወጠ። ሳይጠይቅ የሚቀመጥ ሽማግሌ! ምን ዓይነት ቤተሰብ ነው?

«አዴ፣ ደስ ይበልዎት፤ ታርቀዋል!» አሉ ኦቦ ኢተፋ።

«እነማን?»

«ወንድማማቾቹ ናቸዋ። ባህር ዛፉ ይቆረጣል፤ እኩል ይካፈላሉ። ዳኛዋ የታሉ?»

«የማን ባህር ዛፍ ነው?» ብለው ወይዘሮ አረጋሽ ጮኹ። «ቤቴል! ነይ እነዚህ ሰዎች ምን እንደሚሉ ስሚልኝ!»

ቤቴል ከጓዳ ወጣች። ሳቅና እንባ እየተናነቃት መልእክቱን፣ አርብን፣ ካባውን ሁሉ አንድ በአንድ ተናገረች። እናቷ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። «ሽማግሌ ፍርድ ቤት ላክሽ? እኔ ቤት ደግሞ ባህር ዛፍ ላክሽ?» ሊቀጥሉ ሲሉ በሩ ተንኳኳ። ኦቦ ባይሳ ነበሩ፤ ከነጓደኞቻቸው፣ ከነጋቢያቸው።

«ወይኔ፣ መጡ! በእኛ በኩል ማን አለ?» አሉ ወይዘሮ አረጋሽ።

ኦቦ ኢተፋ የተቀመጡበትን ሶፋ ግራና ቀኝ አዩት።

«እኛ ተቀምጠናል እኮ» አሉ። «ለእርቅ ለመጣ ሰው ለጋብቻ መቀመጥ ምን ይከብደዋል? ልጅቷስ በማን ጉዳይ ስትደክም ነው የተሳሳተችው? በእኛ አይደለም?»

እናት ልጃቸውን አዩ። ሶፋውን አዩ። አራት ሽማግሌ፣ ያውም እርቅ የሚያውቅ! ነጠላቸውን አስተካከሉና በሩን ራሳቸው ከፈቱ።

እነ ኦቦ ባይሳ ገብተው ቆሙ። ተቀመጡ ቢባሉ እንቢ አሉ፤ ወይዘሮ አረጋሽ ይህን ሲያዩ ፊታቸው በራ። ኦቦ ኢተፋ ደግሞ ቀላል ሰው አልነበሩም። ሁለት ወንድማማች ሲያፋጥጡ የከረሙበት ጉልበት ገና አልበረደም።

«ልጁ ምን ይሠራል?»

«ማሽን ይጠግናል።»

«የጠገነው ይቆያል ወይስ በሳምንቱ ይመለሳል?»

ኦቦ ባይሳ ተቅለሰለሱ። «ሌላው ቦታ ይቆያል። ፍርድ ቤት የጠገነው ብቻ ይመለሳል፤ ምክንያቱን እናንተም ታውቃላችሁ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አጥር ላይ ያለነውም ሳቅን፤ ተሰማን፤ ተያዝን። ኦቦ ኢተፋ ወደ ወይዘሮ አረጋሽ ዞረው ቀስ ብለው፣ «ምን እንበላቸው፣ አዴ?» አሉ። ወይዘሮ አረጋሽ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እሺ ተብላችኋል። ተቀመጡ» አሉ ኦቦ ኢተፋ። እልልታው ከወፍጮ ቤቱ ድምፅ በለጠ፤ የቤቴል ደግሞ ከሁሉም በለጠ። ሙሽራዋ ራሷ እልል ስትል አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ አየን!

ሰኞ ጠዋት ቤቴል በረንዳው ላይ ወጥታ የድንበሩን ሽማግሌዎች ጠራች። ድምፅዋ ሻክሯል። ኦቦ ኢተፋ ገብተው እርቁን ተናገሩ። ዳኛ ገለቴ ካዳመጡ በኋላ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው አወረዱ።

«መልካም። ግን አርብ ነበር ቀጠሯችሁ። የት ነበራችሁ?»

«መልእክቱ የደረሰን ለቅዳሜ ነው፣ ክብርት ዳኛ። በታዘዝንበት ቤት በሰዓቱ ተገኝተን ልጃችንን ሰጥተን መጣን።»

ቤቴል ኮምፒውተሯ ላይ አቀረቀረች። ዳኛዋ መነጽሩን ወደ ግንባራቸው መለሱት።

«ልጅቷ ሠርጓ ላይ ማንን ልትጠራ አስባለች?»

«እርስዎን፣ ክብርት ዳኛ» አለች ቤቴል ቀና ሳትል። «ካርዱን ግን ቢሮ አላመጣም። ቤትዎ አደርሳለሁ።»

«እሱን ጻፊው» አሉ ዳኛ ገለቴ።