ሳይጠይቅ የጣለው መስኮት

አቶ በላቸው ለንደን ውስጥ ፓርክ ሮያል ከሚባል ሰፈር መጋዘን የተባረሩት “የዕቃ ቆጠራ ኮምፒውተር ላይ አያስገቡም” ተብለው ነው። አስገብተዋል። ያስገቡትን የጣለው እኔ የሠራሁበት ቤት ያወጣው ፕሮግራም ነው። በደሉ ተጽፎ እንዲቀመጥ እፈልጋለሁ።

ካሌዶኒያን ሮድ ላይ፣ ከአንድ ካፌ በላይ ባለው ፎቅ፣ አምስት ሰዎች ፕሮግራም ይሠሩ ነበር። እኔ የገባሁት ለጽዳት ነው። በመጀመሪያው ቀን ጠረጴዛ ስወለውል አለቃው ማርቲን ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን መስኮት አሳየኝና “ይህ ምን እንደሚል ይገባሻል?” አለኝ።

“አይገባኝም” አልኩት።

“ጥሩ። ነገ እዚህ ወንበር ላይ ተቀመጪ።”

የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። ለእነሱ የጠቀማቸውም ይኸው ነበር። እኔ ከገባኝ ለማንም ይገባል ብለው ቴስተር፣ ማለትም የፕሮግራም ሞካሪ፣ አደረጉኝ።

መስኮቶቹን የሚነድፈው ሳምሶን፣ ለትምህርት መጥቶ እዚሁ የቀረ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። መጀመሪያ በእርሳስ ወረቀት ላይ ይስላል። እኔ የተሳለውን ቁልፍ በጣቴ ስነካ ቀጣዩን ወረቀት ያቀርብልኛል። ጣቴ ግራ ገብቶት የቆመበት ቦታ ላይ ቀይ ምልክት ያደርጋል። በመጨረሻ እኔ “ገብቶኛል” የሚለው ቅጽ ላይ ካልፈረምኩ ፕሮግራሙ ለገበያ አይወጣም።

የዚያን ጊዜ የያዝነው የሁለት ቦታ ኮምፒውተሮችን የሚያመሳስል ፕሮግራም ነበር። መጋዘኑ የጻፈውና ቢሮው የጻፈው ማታ ማታ በስልክ መስመር ይገናኛል። ስለ አንድ ዕቃ ሁለቱ የተለያየ ቁጥር ከጻፉስ? ሳምሶን ሴቲንግ በሚባለው፣ የፕሮግራሙ አሠራር በሚመረጥበት መስኮት ውስጥ “የኋለኛው ይጸናል” የሚል ሳጥን አስገባ። ምልክቱንም ራሱ አድርጎበት “ተጨማሪ” ከሚል ቁልፍ ጀርባ ደበቀው።

“የፊተኛውስ?” አልኩት።

“ይጣላል፣ እትዬ ሙሉ።”

“ባለቤቱ ሳይጠየቅ?”

ማርቲን ከወዲያ ሆኖ “ሰው ጥያቄ ሲበዛበት ይደነግጣል። አንቺስ ትናንት በሦስተኛው ጥያቄ ወረቀቱን አልወረወርሽም?” አለ።

ሳቁብኝ፤ እኔም ሳቅሁ። ፈረምኩም።

ከወራት በኋላ ፕሮግራሙን የገዛው የፓርክ ሮያሉ መጋዘን ደወለ። ቆጠራ የማያስገባ ሠራተኛ ነበረን፣ ደጋግመን አስጠንቅቀን አስወጣነው፣ ለሚተካው ሰው ማሽኑን ቼክ አድርጉልን አሉ። ከሳምሶን ጋር ሄድን። ማሽኑ ላይ በተለጠፈች ወረቀት “በላቸው” ተብሎ በእኛ ፊደል ተጽፏል።

ሳምሶን ማሽኑን ከፈተና “እትዬ፣ ሰዓቱ ተበላሽቷል። ሦስት ተኩል ይላል” አለ።

“ታዲያ ሦስት ተኩል አይደል እንዴ?”

“በእንግሊዞቹ ዘጠኝ ተኩል ነዋ!” ብሎ ሳቀ። ወዲያው ሳቁን አቆመ።

አቶ በላቸው የኮምፒውተሩን ሰዓት በአገራቸው አቆጣጠር ሞልተውታል። ቢሮው ረፋዱ ላይ በመዝገብ ሊኖር የሚገባውን ቁጥር ይጽፋል። እሳቸው ከሰዓት በኋላ መደርደሪያው ሥር ቆመው ቆጥረው ያርማሉ። ማሽናቸው ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚል ግን እርማታቸው ከቢሮው የቀደመ ይመስላል። ስለዚህ ሁልጊዜ የሚጣለው የእሳቸው ነበር። ሳምሶን የተጣሉትን ዝርዝር ፕሪንት አደረገ። የየቀኑ ቆጠራ፣ አንድም ቀን ሳይጎድል።

ዝርዝሩን ማርቲን ፊት አስቀመጥኩት።

“ሰዓቱን እኛ አልሞላነውም” አለ።

“አዎ፣ እሳቸው ናቸው የሞሉት። ሥራቸው ሲጣል ግን ማን ነገራቸው? እኔም ፈርሜያለሁ፣ ጥፋቱ የእኔም ነው። አሁን ጥፋቱ የፕሮግራሙ መሆኑን ለመጋዘኑ በደብዳቤ እስክትጽፍ የአዲሱን ፕሮግራም ቅጽ አልፈርምም።”

“ደንበኛ እናጣለን።”

“እሳቸው ሥራ አጥተዋል።”

ማርቲን ደብዳቤውን አልጻፈም። ሳምሶን ግን መስኮቱን እንደገና ነደፈ፤ ማንም ሳያዘው። አስቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሳጥን የለም። ቁጥሮቹ ከተለያዩ ሁለቱም ከነጻፊዎቻቸው ስም ጎን ለጎን ይታያሉ። ወረቀቶቹን ይዘን ሃክኒ ወደሚባለው ሰፈር፣ አቶ በላቸው ቤት ሄድን። በጣታቸው እየነኩ እስከ አንዱ ወረቀት ድረስ በደንብ መጡ። “የሁለቱ ማሽኖች ሰዓት አይገጥምም። መጀመሪያ ይስተካከል?” ይላል። እዚያ ላይ ጣታቸው ቆመ።

“ይኼ አልገባዎትም?” አለ ሳምሶን፣ ቀዩን እስክሪብቶ አንስቶ።

“ገብቶኛል፣ ልጄ። ያኔ እንዲህ ብትጠይቁኝ ምን ነበረበት? ልጆቼ ‘አባባ፣ እውነት ሳትቆጥር ቀርተህ ነው?’ አሉኝ እኮ።”

ሳምሶን እስክሪብቶውን መልሶ ኪሱ ከተተ። በማግስቱ የሰማነውን እሱ ራሱ ለማርቲን ነገረው፤ ደብዳቤውም ተጻፈ። አዲሱ ቅጽ ላይ ፈረምኩ።

ከዚያ ወዲህ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሰውን ሥራ ሳይጠይቅ የሚጥል መስኮት ላይ አልፈረምኩም። ጥያቄ ሰውን ያደናግራል ለሚሉኝ ወጣቶች፣ ጥያቄውን አሳጥሩት እንጂ አታስቀሩት እላቸዋለሁ።

የመጋዘኑ ኃላፊ ደብዳቤው በደረሳት ሳምንት ደወለች። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ።

“አንብቤዋለሁ” አለች። “ሰውዬው ቆጥሯል። ማስጠንቀቂያዎቹን ከፋይሉ አውጥቻለሁ። ሰኞ ሥራ መግባት ይችላል። ይቅርታውን ግን እናንተ አትንገሩት፤ እኔ ራሴ እነግረዋለሁ።”