ጋሼ ሳይጨፍሩ የወጡበት ዛፍ

የእናቴ ወንድም፣ ጋሼ፣ ከዛፍ ወድቀው ከሞቱ ዛሬ ዘጠኝ ቀን ሆናቸው፤ እኔ ግን እስካሁን አላመንኩም። በመቱ ዙሪያ እንደ እሳቸው ቀፎ የሚሰቅል አልነበረም። ዛፍ ከመውጣታቸው በፊት ሁልጊዜ ከግንዱ ሥር እየዘፈኑ፣ ትከሻቸውን እየነቀነቁ እስኪያልባቸው ይጨፍሩ ነበር። በኦሮምኛ «ኮቱ!» ብለው ይጠሩኝና፣ «አንተም ና! የከፋው ሰው እጁ አይጨብጥም፤ ንብም አይወደውም» ይሉኝ ነበር። ጣሊያን ገብቶ ከተማው ዘፈን ሲያቆም እሳቸው ጫካ ውስጥ አላቆሙም። አብሬያቸው ስጨፍር ፍርሃቴ ሁሉ ከላቤ ጋር ይወጣልኝ ነበር።

ያን ቀን ግን ከዛፉ በታች ባለው መንገድ የጣሊያን ወታደሮች ሲመጡ አየሁና፣ «ጋሼ፣ ይሰሙናል፤ ዛሬ ዝም ብለው ይውጡ» አልኳቸው። ገርመም አድርገውኝ ወጡ። ቀፎውን ሳያስሩት እጃቸው ለቀቀ።

እንዴት ነው እንዲህ በአንድ አፍታ? ጋሼን የሚያህል ሰው!

ትናንት ያንኑ ቀፎ ተሸክሜ ብቻዬን ሄድኩ። ገመዳቸው አሁንም ቅርንጫፉ ላይ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ ቆሜ ዘፈናቸውን ጮክ ብዬ ጀመርኩ። ወታደሮቹ መንገዱ ላይ ቆመው አዩኝ።

እስኪያልበኝ ጨፈርኩና ወጣሁ።