የእማማ ደብሬ አውራ ጣት

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ነጭ ጋዋን፣ የእጅ ባትሪ፣ የምግብ ሙቀት መለኪያና አንድ ደብተር ሰጡኝ። ጋዋኑ ሰፍቶኝ እጅጌውን ሁለት ጊዜ አጠፍኩት። «የአካባቢ ጤና ባለሙያ ሰው ሳይታመም ነው መድረስ ያለበት» አሉኝ። ከዚያ የላሊበላን ሆቴሎች ወጥ ቤት ለወጥ ቤት ስንዞር ዋልን፤ ፍሪጅ ከፈትን፣ መክተፊያ አገላበጥን።

በአራተኛው ዓመቴ ግን ሰው ከታመመ በኋላ ደረስኩ።

ገና ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ አመሻሽ ላይ፣ ለበዓሉ መጥተው በአሸተን ማርያም መንገድ ዳር ያረፉ እንግዶች ማስመለስ ጀመሩ። ነርሶቹ ሲያክሙ እኔ ደብተሬን ይዤ ምን እንደበሉ እያንዳንዳቸውን ጠየቅሁ። ሽሮ የበሉት ደህና ናቸው። የታመሙት በሙሉ ከእማማ ደብሬ ቤት የምስር ፍትፍት የበሉ ነበሩ፤ ከበሉም ሦስት ሰዓት አልሞላቸውም።

እማማ ደብሬ ብቻቸውን የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። ልጃቸው ከሕመም ስለተረፈላቸው በየገናው እንግዳ ሊያበሉ ተስለዋል። ሰው ግን ወዲያው «መርዝ ነው» ማለት ጀመረ።

አለቃዬ «ሂጂና ቤቱን አሽጊ፤ በሩ ላይም ማስታወቂያ ለጥፊ» አሉኝ።

«ማብሰሉን አስቆማለሁ። ማስታወቂያው ግን ይቆይ፤ መጀመሪያ ላነጋግራቸው» አልኳቸው። ደብተሬን ይዤ ሄድኩ።

እማማ ደብሬ ምድጃቸው አጠገብ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። ቀኝ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተዋል።

«እማማ፣ እጅዎን ያሳዩኝ።»

«ምንም አልሆነም ልጄ።»

አጠገባቸው ተቀምጬ ጠበቅሁ። ቆይተው አወጡት። አውራ ጣታቸው ላይ የጠመጠሙትን ጨርቅ ስፈታው ቁስሉ መግል ቋጥሯል። ጎመን ሲከትፉ ቢላዋ ቆርጧቸው ነው። ፍትፍቱን ንጋት ላይ በዚያው እጅ ፈትፍተው፣ እንግዶቹ ከቅዳሴ እስኪመለሱ ድረስ ከድነው ምድጃ ዳር አቆይተውታል።

«ሳቀርብ አሙቄው ነበር እኮ» አሉኝ።

«ማሞቁ ጀርሙን ይገድለዋል እማማ። ጀርሙ ሲራባ ውሎ ያወጣውን መርዝ ግን አያጠፋውም።»

«ታዲያ መርዝ ያበላሁት እኔ ነኝ?»

«ቁስሉ ነው እንጂ እርስዎ አይደሉም» አልኳቸው። ጣታቸውን አጥቤ በፋሻ አሰርኩላቸውና ጤና ጣቢያ ይዣቸው ሄድኩ።

እዚያ የታመሙትን አንድ በአንድ ይቅርታ ጠየቁ። ከኩልመስክ የመጡ አንዲት እናት ከተኙበት ቀና ብለው ደህናውን እጃቸውን ሳሙት። «በራብ ደክሜ ስመጣ ቤትዎ ያስገቡኝ እርስዎ አይደሉም?» አሏቸው። ከዚያ ወዲያ መርዝ ያለ ሰው አልሰማሁም። ሕመምተኞቹም በማግስቱ ተነሡ።

ያን ማታ ከጤና ጣቢያው ስንወጣ እማማ ደብሬ «ስለቴስ?» አሉኝ።

ጎረቤቶቻቸው ሊያበስሉላቸው ተስማሙ፤ ምግቡም ከእሳት እንደወረደ እንዲበላ ተነጋገርን። እሳቸው እስከ ገና ድረስ በር ላይ ቆመው፣ ማንቆርቆሪያውን በግራ እጃቸው ይዘው፣ እንግዳውን ሁሉ እጅ አስታጠቡ።

ለአዳዲስ ባልደረቦቼ የምነግራቸው ይህንኑ ነው። የቆሰለ እጅ ምግብ መንካት የለበትም፤ የበሰለ ምግብም ለብ እንዳለ መዋል የለበትም። ቁስሉን የሚደብቅ ሰው ግን ቁጣ የፈራ ሰው ነው። ተቀምጣችሁ ጠይቁት።