ለድቡ የሚወራ ወሬ

ከካናዳዋ ካልጋሪ ተነስተን ተራራዎቹ መሃል ያለችው ትንሽ ከተማ እስክንደርስ ድረስ አብረውን የተሳፈሩ አንድ ጎልማሳ ሰው ቃል አልተነፈሱም። ለቤተ ክርስቲያን ሽርሽር ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው፣ ጥቁር ጫማቸውን ወልውለው ነበር የመጡት።

የእግር ጉዞው መሪ፣ ጸጉረ ረጅም ፈረንጅ፣ "ድብ በድንገት ሰው ሲያይ ይደነግጣል፤ ጮክ ብላችሁ እያወራችሁ ሂዱ" አለን። እኛ ሳቅን። እሳቸው ግን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እንኳን በደህና መጣሽ! ጉዞው እንዴት ነበር?" አሉ ፊታቸው ለቆመ የጥድ ዛፍ።

ከኋላቸው የምትሄደው ምሥራች ማንን እንደሚያናግሩ ጠየቀቻቸው። ለካ ነገ ኤርፖርት ልጃቸውን ሊቀበሉ ኖሯል። በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ትተዋት ሲወጡ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ አሁን አሥራ አምስት ሞልቷታል።

"ታዲያ ጋሼ፣ ሚኒስትር ነው እንዴ የሚቀበሉት? 'የኔ ቆንጆ' ይበሏት እንጂ!"

"የኔ ቆንጆ!" ብለው ጮኹ። ወፎች ተነሱ።

"ኧረ ለስለስ ያድርጉት! ድቡም አገር ጥሎ ጠፋ።"

"የኔ ቆንጆ፣ ራበሽ?"

"እሱስ ጥሩ ነው። ከዚያስ?"

ሰውየው ቆሙ፤ ክራቫታቸውን ላላ አደረጉ።

"ከዚያማ..." አሉ ቀስ ብለው፣ "ስንት ሰው አብሯት ይወጣል። የትኛዋ እንደሆነች በምን አውቃታለሁ?"

  የድምፃቸው መቀነስ ያሰጋው መሪ ከፊት ዞሮ አውራ ጣቱን አነሳላቸው፦

"ቬሪ ጉድ፣ ሰር! ላውደር፣ ፕሊስ!"

እሳቸውም ታዛዥ ናቸውና፣ ጥያቄውን ጮክ ብለው ለተራራው ደገሙለት።