ዘንግ ልገዛ ዙሪክ የሄድኩ ቀን

ጄኔቫ ውስጥ «ለ ሊኞን» በሚባለው ሰፈር የሚኖር ሰው መስኮቱን ሲከፍት ወንዙን ያያል። ሕንፃችን ረጅም ነው፤ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው መሄድ ራሱን የቻለ ሽርሽር ነው። ከሥሩ የሮን ወንዝ አረንጓዴ ሆኖ፣ ድምፁን አጥፍቶ ያልፋል። ጡረታ ከወጣሁና ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሻይዬን ይዤ መስኮቱ አጠገብ መቆም ለመድኩ። ጭጋጉ ቀስ እያለ ሲነሣ ከወንዙ ዳር የቆሙት ዓሣ አጥማጆች ብቅ ይላሉ፤ መጀመሪያ ኮፍያቸው፣ ከዚያ ትከሻቸው፣ በመጨረሻ ያ ቀጭን ዘንጋቸው። አይነጋገሩም፣ አይቸኩሉም። እነሱን ሳይ ዓይኔ ይከደናል፤ ሻዩም እጄ ላይ ይቀዘቅዛል።

ስለ ዓሣ የማውቀው ነገር አልነበረም። አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ዓሣን የማውቀው በጾም ወቅት ገበታ ላይ በሚነሣው ክርክር ነው። ይበላል፣ አይበላም እየተባባልን ክርክሩ ሳያልቅ ዓሣው ያልቃል። በቅርቡ ግን ስልኬ ላይ ቪዲዮ ማየት ጀመርኩ። አሜሪካኖች ጀልባ ላይ ቆመው ባስ የሚሉትን ወፍራም፣ አረንጓዴ፣ አፈ ሰፊ ዓሣ ያወጣሉ። ድምፁን አጥፍቼ ነው የማየው። ዓሣው ከውኃው ዘልሎ፣ አየር ላይ ተገልብጦ ይመለሳል፤ እኔም አብሬው እገለበጣለሁ። ሌሊት ሕልሜ ውስጥ ባሶች በሳሎኔ መብራት ዙሪያ ይዋኛሉ።

ልጄ አንድ ናት። ጄኔቫ ተወልዳ አድጋ አሁን ሥራዋ ዙሪክ፣ ቤቷ እዚያው አጠገብ አድሊስቪል ነው። ፋሲካ ሰሞን ደወለችልኝ።

«ፓፓ፣ እኔ ቤት አንድ ሻምብር ባዶ አለ። ና፣ እኔ ጋ ኑር» አለችኝ።

ክፍል ማለቷ ነው። ልቤ ዘለለ። እውነቱን ልናገርና፣ ያንን ቃል ስጠብቅ ከርሜ ነበር። የቤቴ ዝምታ እየበላኝ ነበር፤ ማታ ማታ ለሁለት ሰው ሳህን አውጥቼ አንዱን መልሼ አስቀምጣለሁ። ታዲያ ምን ብዬ መለስኩላት?

«ኧረ ምን በወጣሽ! እኔ ደህና ነኝ፤ አንቺ ኑሮሽን ኑሪ።»

በኛ ዘንድ ይህ እምቢታ አይደለም። እንግዳ ብላ ሲባል «በልቼ ነው የመጣሁት» ይላል፣ ጋባዡ «በሞቴ» ይላል፣ እንግዳው «ኧረ ጠግቤያለሁ» ይላል፣ ጋባዡ «አፈር ስሆን» ይላል፣ ከዚያ እንግዳው እጁን ሊታጠብ ይነሣል። እኔም በሞቴ እስክትለኝ ነበር የጠበቅሁት።

«ዳኮር፣ ፓፓ» አለችኝ፣ እሺ ማለቷ ነው፤ ከዚያ ምሳ ምን እንደበላሁ ጠየቀችኝ።

ጠበቅሁ። ስልኩ በጮኸ ቁጥር አሁን ትለዋለች እላለሁ። ስለ አየሩ ታወራለች፣ ስለ ጉልበቴ ትጠይቃለች፣ ስለ ክፍሉ ትንፍሽ አትልም። እየዋለ ሲያድር ተናደድኩ። ለወጉ ያህል ነው የጠየቀችኝ፣ የፈረንጅ ልጅ ሆናለች፣ አልኩ ለብቻዬ። ከዚያ መስከረም ላይ፣ በወሬ መሀል እንደ ቀላል ነገር፣ ክፍሉን ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ለሥራ ባልደረባዋ ልትሰጣት እንደሆነ ነገረችኝ።

«ጎሽ፣ ጥሩ አድርገሻል» አልኩ። ስልኩን ዘግቼ መብራት ሳላበራ ቁጭ አልኩ።

ደውሎ «እኔ ልምጣ» ማለት ነበር። አፍ ያለው ሰው እንደዚያ ያደርጋል። አባት ግን ልጁን እንዴት አስጠጊኝ ይላል? ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩና በመጨረሻ የመጣልኝ ብልሃት ዓሣ ሆነ።

«ቅዳሜ ዙሪክ እመጣለሁ። የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ልገዛ» አልኳት።

«ጄኔቭ ዘንግ የለም?»

«እናንተ ጋ ርካሽ ነው ይላሉ።»

ዙሪክ ምንም ነገር ርካሽ ሆኖ አያውቅም። እሷም ታውቃለች፤ ግን አልተከራከረችኝም። አጠገቧ ስሆን ምናልባት ሁለተኛውን ጥያቄ ትጠይቀኛለች ብዬ ነበር። ዘንጉንም ደግሞ ከልቤ ፈልጌዋለሁ፤ ሁለቱ ምኞቶች ተደባልቀውብኝ የቱ የቱን እንደሚጎትት አላውቅም።

ባቡሩ ጄኔቫን ለቅቆ የሐይቁን ዳር ሲይዝ ገና ማለዳ ነበር። ውኃው ከሰማዩ አይለይም። አንዲት ጀልባ መሀል ላይ ቆማለች፣ ከሥሯ ውኃ ይኑር አየር አይታወቅም። ግንባሬን መስታወቱ ላይ አስደግፌ አንቀላፋሁ። ስነቃ ሌላ ሐይቅ፣ ደግሞ ስነቃ የወይን ተክል፣ ከሱ በታች ሌላ ሐይቅ። ባለቤቴ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ብርቱካን የምትልጥ መሰለኝ። የምትነግረኝ ነገር ነበራት፤ ልሰማት ጎንበስ ስል ቲኬት ተቆጣጣሪው ትከሻዬን ነካ አደረገኝ።

ልጄ ዙሪክ ጣቢያ ጠበቀችኝና ከከተማው ወጣ ወዳለችው ዲቲኮን ይዛኝ ሄደች። የማጥመጃ ዕቃ ሱቁ ከመጋዘኖች መሀል ነው። በሩን ስንገፋ የጎማና የእርጥብ እንጨት ሽታ ተቀበለን። ዘንጎቹ እንደ ሸንበቆ ግድግዳውን ይዘው ቆመዋል። ከነሱ ወዲያ የጎማ ትሎች፣ የጎማ እንቁራሪቶች፣ ሆዳቸው ብር ጀርባቸው ሐምራዊ የሆኑ የውሸት ዓሦች ተሰቅለዋል። ዓሣ ብሆን ሁሉንም እበላ ነበር። ምን እንደማደርግባቸው ሳላውቅ እጄ እስኪሞላ ለቀምኩ።

ባለ ሱቁ ጢሙ የሸበተ፣ ደረቱ ሰፊ ሽማግሌ ነው። በነሱ ጀርመንኛ ከልጄ ጋር ተነጋገረ።

«ምን ዓሣ ነው የሚፈልገው? ይላል።»

«ባስ» አልኩ፣ እንደ አዋቂ።

ሽማግሌው ፈገግ አለ። «ባስ እዚህ ሐይቅ የለም ይላል» አለች ልጄ። «እዚህ ኤግሊ ነው ያለው። ጄኔቭ እኛ ፔርሽ የምንለው።»

ፔርሽንማ አውቀዋለሁ፣ ከድንች ጥብስ ጋር። ባለ መስመሩ ትንሽ ዓሣ ነው፤ የባስ ዘመድ ቢጤ መሆኑን ግን አላውቅም ነበር። ለባስ ጀማሪ የሚመከረው ዕቃ ትንሽ ቀለል ካለ ለሱም ይሆናል አለ ሽማግሌው። ከዚያ ያንን ሁሉ የጎማ ጌጥ አንድ በአንድ ከእጄ እየወሰደ ወደ መስቀያው መለሰው። ፈቃድ የሌለው ሰው ከዳር ሆኖ የሚያጠምደው በአንድ ክር፣ በአንድ ተንሳፋፊ ቡሽና በእውነተኛ ትል ነው፤ ይሄ ለኋላ ይደርሳል፣ አሁን ገንዘብህን አታጥፋበት አለ። ዕቃውን መልሶ የሚሰቅል ነጋዴ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ዘንጉ ከሁለት ሜትር ብዙም አይብለጥ፣ ይቅለል፣ ጫፉ ይታጠፍ፤ ርካሹ ይበቃል። ክሩ ቀጭን ይሁን፣ መንጠቆው ትንሽ። ዋናው ነገር ክር መጠቅለያው ነው፤ ያለህን ገንዘብ እዚያ ላይ አውጣ አለ። እጀታውን አዙር ብሎ ሁለት ሰጠኝ። ርካሹ አሸዋ እንደገባበት ወፍጮ ይንኳኳል። ደህናው ዝም ብሎ ይሄዳል፤ ግን ለጡረተኛ ኪስ አይቀመስም። ከመቶ ፍራንክ እንደማላልፍ ለልጄ ከመምጣቴ በፊት ነግሬአታለሁ። ስለዚህ የሚንኳኳውን ያዝኩ።

ሽማግሌው አየኝ። ከባንኮኒው ሥር መሳቢያ ስቦ አንድ ያገለገለ መጠቅለያ አወጣና መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ቀለሙ እጀታው ላይ ተልጧል። አዞርኩት፤ ምንም ድምፅ የለውም። ዓይኔን ብጨፍን እየዞረ መሆኑንም አላውቅም ነበር።

«የራሱ ነበረ፣ አሁን አዲስ አለው። ከፈለግህ ውሰደው፣ በነፃ ይላል» አለች።

እጄ ወዶታል። አፌ ግን «ናይን፣ ናይን፣ ዳንከ!» አለ፤ አይ፣ አመሰግናለሁ ማለት ነው። ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ መለስኩለት።

«ጉት»፣ መልካም፣ አለ ሽማግሌው። መሳቢያው ውስጥ ከተተውና ዘጋው። ቅር አላለውም፣ ደስም አላለው፤ የዘንጉን ሂሳብ ሊመታ ዞረ።

እኔ እጄን ዘርግቼ ቀረሁ። ደሜ ፈላ። አንዴ ብቻ ጠይቆ የሚተው ምን ዓይነት ሰው ነው? ታዘቢልኝ ልላት ወደ ልጄ ዞርኩ። ተንሳፋፊ ቡሾቹን ታገላብጣለች። ፊቷ ልክ እንደ ሽማግሌው ፊት ሰላም ነው። ለሷ ሰው ተጠየቀ፣ አይ አለ፣ አለቀ። ክፋት የለበትም፤ ንፉግነትም የለበትም። ባንኮኒውን ያዝኩ። ፋሲካ ሰሞን ስልኩ ውስጥ የነበረው ፊት ይሄ ነበር። ልጄ ለወጉ አልጠየቀችኝም። አመነችኝ እንጂ።

«ስሚ» አልኳት። «ያንን ዕቃ እፈልገዋለሁ በይው።»

«አሁን እኮ ናይን አልከው።»

«አልኩት። ግን እፈልገዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ናይን አልክ?»

«እንዲለምነኝ ነዋ!»

አሁን ገና እንደተዋወቀችኝ ሁሉ ቆማ አየችኝ። ከዚያ ነገረችው። ሽማግሌው «ያ፣ ክላር» ብሎ መሳቢያውን ከፈተና ሰጠኝ። አልሳቀም። ጆሮዬ እስኪግል አፍሬ ስወጣ እሱ ግን ቆሞ እጁን ያወዛውዝልን ነበር።

የዙሪክ ሐይቅ ዳር ስንደርስ ከሰዓት ሆኖ ነበር። ውኃው የወተት መልክ ይዟል፤ ማዶ ያሉት ተራሮች ብቅ ይላሉ፣ መልሰው ይጠፋሉ። ትሉን ሰካሁ፣ ወረወርኩ፣ ክሩ ተወሳሰበ፣ ፈታሁት፣ ደግሜ ወረወርኩ። ቀይዋ ቡሽ ውኃው ላይ ቁጭ አለች። ልጄ አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ደወል ከሩቅ ይሰማል፤ የት እንደሆነ አይታወቅም። እንዲሁ ለዘላለም ብንቀመጥ ደስ ይለኝ ነበር።

«ፓፓ» አለች። «አንተ እውነቱን የምትናገረው በስንተኛው ጥያቄ ነው?»

«በሦስተኛው። የሚጠይቀው ሰው ደግ ከሆነ በሁለተኛው።»

አልሳቀችም። የሆነ ነገር እያሰላሰለች እንደሆነ ያስታውቃል፤ ትንሽ ብታገሥ ራሷ ትጠይቀኝ ይሆናል። ባትጠይቀኝስ? ፈራሁ። ዓይኔን ከቡሿ ላይ ሳላነሣ ተናገርኩ።

«ክፍሉን ለሰው አትስጪ። እኔ መምጣት እፈልጋለሁ። ያን ጊዜ ስትጠይቂኝም መምጣት ፈልጌ ነበር።»

ድምፁ የኔ አልመሰለኝም። ቀና ብዬ ሳያት እያለቀሰች ነው።

«ያን ቀንም አለቀስኩ» አለች። «ማማ ከሞተች በኋላ አንተ ብቻህን ነህ፣ እኔም ብቻዬን ነኝ። ከዚያ አይ አልከኝ። ከኔ ጋር መኖር የማትፈልግ መሰለኝ። ሁለተኛ መጠየቅ ፈራሁ።»

እኔ እስክለመን ስኮራ ልጄ እዚህ ማዶ ብቻዋን ስታለቅስ ነበር። ትል የነካ እጄን ሱሪዬ ላይ ጠርጌ እጇን ያዝኩት። ቡሿ አንዴ ወርዳ ተመለሰች፤ ዓሣው ትሉን በልቶ ሄዷል፣ ይብላ።

«ለልጅቷ ቃል ገብተሽላታል?» አልኳት።

«አዎ። ሰኞ ዕቃዋን ልታመጣ ነው።»

«በቃ ግድ የለም፣ ተዪው» የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። ጥርሴን ገጥሜ መለስኩት።

«ደውዪላት» አልኩ። «አሁን።»

ተነሥታ በውኃው ዳር ትንሽ ራቅ ብላ ሄደች፣ ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ። በዚያ በፈጣን ጀርመንኛ ትናገራለች፣ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች። አንድም አልገባኝም። «ማይን ፋተር»፣ አባቴ፣ ስትል ብቻ ይገባኛል፤ እሱን ደግሞ ደጋግማ ትለው ነበር።