የተቋረጠ ሙሾ

ዛሬ ቦሌ አራብሳ፣ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ የእናት አፍ በነጠላ ሲታፈን አየሁ።

ወይዘሮ አስካለ ጎረቤቴ ናቸው። በጥይት የተገደለ ልጃቸውን ትናንት ቀበርን። «ማን ተኮሰብህ ልጄ?» እያሉ ሙሾ ሲያወርዱ፣ እህታቸው ነጠላዋን አፋቸው ላይ ጫነች።

«አንቺ ሴት፣ ያ ሰውዬ በስልክ እየቀረጸሽ ነው! የቀረልሽን ልጅ አስቢ እንጂ!»

እኔ ተናድጄ ወደ ሰውየው ሄድኩ። «ማነህ አንተ? ለማን ነው የምትቀርጸው?»

«የሥራ ባልደረባው ነኝ ጋሼ» አለኝ። ዓይኑ በለቅሶ አብጧል። «ፋብሪካው ፈረቃ ላይ አስቀርቷቸው መምጣት ላልቻሉ ጓደኞቹ ነው።»

ይህን ልነግራቸው ስመለስ ወይዘሮ አስካለ አዲስ ለገቡት ለቀስተኞች «ታሞ ነው፤ ድንገት ነው» እያሉ ነበር።

ሰሞኑን የማነበው ልብ ወለድ ውስጥ መንግሥት በየግድግዳው ጆሮ አለው፤ እውነት የሚባለውንም እሱ ይወስናል። ደራሲው አጋነነ ብዬ ነበር። እዚያ እንኳ ሰላዩ ደመወዝ ይከፈለዋል። እኛን ግን ሰላይም አላስፈለገንም።

ድሮ ሌላ ቦታ የማይነገረው እንኳ በሙሾ ይነገር ነበር።

በእናንተ ሰፈር እናት የልጇን አሟሟት ጮክ ብላ እያነሳች የምታለቅስበት ድንኳን አሁንም አለ? ካለ ንገሩኝ። መጻፍ ከፈራችሁም ይገባኛል።