ከዘፈኑ ሥር

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቅልሎ ቢታሰር ምን ያህል ይሆናል? ወጣትነቴን እንዲህ ባለ ጥያቄ ስፈጅ መልሱን በመጻሕፍት ውስጥ ነበር የምፈልገው። መልስ የሚመስል ነገር ያየሁት ግን በስተርጅና፣ ግድግዳ ከሚያዋስነኝ ጎረቤቴ ዘንድ ነው። ሠርግ በመቅዳት የሚተዳደር ካሜራማን ነበር። የእሱ ዕድሜ ተጠቃሎ ሁለት ነገር ሆነ፤ የአንድ ደቂቃ ዝምታና ማንም ያልሰማት አንዲት ንግግር።

ሰፈሩ «ጆሮ» ይለው ነበር። ስሙን ያወጡለት የሙያ ጓደኞቹ ናቸው፤ ካሜራው አናት ላይ የምትሰካ ትንሽ ማይክ የገዛ ጊዜ። ማይኳ ቀጭን ናት፤ ነፋስ እንዳያንሿሿባት ጸጉራም ሽፋን ታለብሳለች። ሌላው ማይክ የአዳራሹን ጫጫታ እንዳለ ይግጠዋል፤ እሷ ግን የዞረችበትን ብቻ ነው የምትሰማው። በብዙ ሰው መሐል የሚወደውን ሰው ድምፅ ብቻ እንደሚለይ ሰው።

«ካሜራህ ድመት ወለደች እንዴ?» ይሉታል ጓደኞቹ።

የባሰው ቀልድ የመጣው ከባለስቱዲዮው ነው። ባለስቱዲዮው የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነበር፤ ጆሮ የቀዳውን ቆርጦ የሚያቀናብረው እሱ ነው። የሠርግ ፊልም እንደሚታወቀው ከዳር እስከ ዳር ዘፈን ይጫንበታል፤ የራሱ ድምፅ የሚቀረው ሽማግሌዎች ሲናገሩ ብቻ ነው።

«ጋሽ ጆሮ፣ አንተ የምትለፋበትን ድምፅ እኔ እንደሆንኩ ዘፈን እጭንበታለሁ። ይሄ ከምንጣፍ ሥር ሐር ማንጠፍ ነው።»

«አንተ ጫን። እኔ ስቀዳ እሰማዋለሁ፤ ይበቃኛል።»

ማይኳን ቤት ያመጣት ዕለት የሞከራት ኩሽና ውስጥ ነው። ቤት ሁሉ የየራሱ ዝምታ አለው ይል ነበር፤ ተቆራርጦ የሚገጣጠም ንግግር መሐሉ ድንገት ባዶ እንዳይሆን በዚያ ዝምታ ይሞላል። ስለዚህ ማይኳን ዕቃ ማጠቢያው ጋ ወደቆመችው ሚስቱ አዞረና ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፋ።

«አንድ ደቂቃ ዝም በይልኝ።»

«ከተጋባን ጀምሮ ዝም ብዬልህ የለም እንዴ?»

መቅዳት ሲጀምር ዝም አለች። ቧንቧው ጠብ ጠብ ይላል፤ እሷ በአፍንጫዋ ትተነፍሳለች። ደቂቃዋ ልታልቅ ስትል አልቻለችም፤ ሳቋ አመለጣት።

አንድ ልጃቸው ስትዳር የልጄን ሠርግ ሌላ ሰው አይቀዳም አለ። «አባትየው ዛሬም ሥራ ላይ ነው» ብለው እንግዶች ተሳሳቁ። ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ እናቷ በር ላይ ያዘቻት። ሁለት ጉንጮቿን በመዳፎቿ አቅፋ ፊቷን ጠጋ አድርጋ አንድ ነገር አለቻት። ማይኳ ወደ እነሱ ዞራለች፤ ማዳመጫው ጆሮው ላይ ነው። እሱ ግን በዚያች ቅጽበት በበሩ የገባው ብርሃን ምስሉን አንጥቶ አጥፍቶበት ከሌንሱ ጋር ይታገል ነበር። ድምፁን ሰማ፤ ቃሉን አልያዘም። ተቀድቷል፣ ማታ እሰማዋለሁ ብሎ አለፈ።

እንዲህ ያለ ስሕተት የሚሳሳተው የሚቀዳ ሰው ብቻ ነው። ሌሎቻችን ካልሰማን እንዳመለጠን እናውቃለን።

ማታም ደክሞት ተኛ፤ በማግስቱ የተቀዳበት የካሜራው ካርድ ወደ ስቱዲዮ ሄደ። የሠርጉ ወሬ ሳይበርድ ሚስቱን የደም ግፊት ጣላትና ሳትነሣ ቀረች። ሐዘንተኛው ሲበተን ጆሮ በቀጥታ ስቱዲዮ ሄደ።

«ካርዱን ስጠኝ።»

«የቱን?»

«የልጅቷን።»

ባለስቱዲዮው ፊቱን ከኮምፒውተሩ አነሣ። «አጥፍቼው ለሌላ ሠርግ ወጣ፤ ሁልጊዜ እንደምናደርገው። ፊልሙ አለልህ አይደል?»

«እንግዲያው ዘፈኑን አንሣልኝ።»

«ሻዩ ውስጥ የሟሟውን ስኳር አውጣ በለኝ።» ቀልዱ አፉ ላይ ደረቀበት። «ደግሞ ስኳሩም የለም። ድምፁን ዘግቼ ነው የጫንኩት። ከሥር ምንም የለም፣ ጋሽ ጆሮ። እኔስ እህቴ አይደለች? ባውቅ አጠፋ ነበር?»

ጆሮ ከሥር ምንም የለም መባሉን አላመነም። ፊልሙን ቤት ወስዶ ያቺን ቦታ እየመለሰ ያያል። የሚስቱ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ዘፋኙ ይዘፍናል። ልጁ ልትጠይቀው ስትመጣ አስቀምጦ አሳያት።

«ምን ነበር ያለችሽ?»

«አባዬ፣ እያለቀስኩ ነበርኮ። ‹አይዞሽ› ያለችኝ ይመስለኛል።»

«‹አይዞሽ› አጭር ነው። ከንፈሯን ተመልከች፣ ብዙ ነው ያለችው።»

ልጅቷም፣ «ማዳመጫውን ያደረግከው አንተ አልነበርክ እንዴ?» አለችው።

ከዚያ ወዲያ አልጠየቃትም።

የሚስቱ ድምፅ ከሌለ የቀረው ያኔ ቀድቶ ለብቻው ያኖረው የኩሽናው ደቂቃ ነው። ድምፅ ሲቀዳ የኖረ ሰው፣ ሚስቱ ስትናገር ሳይሆን ዝም ስትል ብቻ ቀድቶ ቀረ፤ ያውም ዝም በይ ብሎ ለምኗት። ቤቱ ስገባ ማይኳን ባዶው ዕቃ ማጠቢያ ላይ ደግኖ፣ ማዳመጫውን ደፍቶ አገኘዋለሁ።

«ምን ትቀዳለህ?»

«ዝምታውን፣ ጋሼ። ከፊተኛው ጋር አስተያየዋለሁ።»

«ዝምታ ከዝምታ ይለያል?»

«የፊተኛው ሰው አለበት።»

አንድ ቀን ጎረቤት ቤት የሠርግ ፊልም ሲታይ አብረን ተቀምጠናል። አንድ ሽማግሌ መርቀው ሌላው እስኪቀበሏቸው ትንሽ ጸጥታ ሆነ። ጆሮ ብድግ አለ። ከፊልሙ ውስጥ ቧንቧ ጠብ ጠብ ይላል። ሠርጉ የተደገሰው ዳስ ውስጥ ነው፤ በአካባቢው ቧንቧ የለም።

ጆሮ ሄዶ ሲጠይቀው ባለስቱዲዮው አልካደም። የኩሽናው ደቂቃ ከሌሎች ሥራዎች ጋር ተገልብጣ እሱም ኮምፒውተር ላይ ነበረች፤ ንጹሕ ዝምታ ሆና ስላገኛት ክፍተት በመጣ ቁጥር ይሞላባታል። ሳቋ ጋ ሲደርስ፣ የድምፁ መስመር ስክሪኑ ላይ ከፍ ሲል አይቶ፣ ሳይሰማ ይቆርጠዋል። እህቱ መሆኗን አያውቅም ነበር፤ ትንፋሽ ስም የለውም።

እንግዲህ በሰፈሩ ሠርግ ሁሉ ውስጥ፣ አንዱ ተናግሮ ሌላው እስኪጀምር፣ ያቺ ሴት እየተነፈሰች ቆማለች ማለት ነው። ጆሮ ይቆጣል ብዬ ነበር። እሱ ግን የሰው በር እያንኳኳ «ሠርጋችሁን ልይ» ማለት ጀመረ። የድሮ ሥራው ናፍቆት ነው ብለው ያስገቡታል። ሽማግሌዎቹ ሊናገሩ ሲሉ ፊቱን ከቴሌቪዥኑ መልሶ ግድግዳውን ያያል። «ነካ አድርጎታል» ይባባላሉ ሲወጣ።

አንድ ጊዜ እኔም እንድሰማ ማዳመጫውን ደፋብኝ። ውኃው ጠብ ይላል፤ ሰው ይተነፍሳል። የሞተ ሰው ሲተነፍስ መስማት ደስ አይልም፤ ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ። መጨረሻ ላይ ሳቁ መጣ። ያን ሳቅ ከግድግዳው ባሻገር ስንት ዓመት ሰምቼው ኖሯል፤ አንድም ቀን ጆሮዬን አልሰጠሁትም ነበር። በኋላ እሰማዋለሁ ያላልነው ነገር ከቶ አለን?

ጆሮ በሕመም ሲዳከም ልጁንና ባለስቱዲዮውን አልጋው አጠገብ ጠርቶ አንድ ነገር ለመናቸው፤ እኔም ነበርኩ። ሦስታችንም እሺ አልን።

ቀብሩ ተቀዳ፤ ሩቅ ላሉ ዘመዶች ፊልም ተሠራ። ከዳር እስከ ዳር ዘፈን አለበት። ዘፈኑ ጥሩ ነው፤ ያየው ሁሉ አልቅሷል። ልጁም አይታ፣ ዐይኗን ጠርጋ፣ አጎቷን አመሰገነች፤ እኔም ዝም አልኩ። ባለስቱዲዮው በኋላ በር ላይ ይዞኝ፣ «ያለ ዘፈን ባዶ ሆነብኝ፣ ጋሼ፤ ሰው ምን ይለኛል?» አለኝ።

ያን ዕለት ከአልጋው ላይ ያለን ይህ ነበር፦

«የእኔ ላይ ዘፈን አትጫኑ። ሰው ሲያስል፣ ወንበር ሲጎተት ይሰማ። መጨረሻው ላይ የኩሽናዋን ደቂቃ አግቡልኝ፤ ሳቋ ጋ ስትደርሱ እንዳትቆርጡት።»